ፔጆ 504 ሲሞቅ ፍሬኑ ድንጋይ ይሆናል፤ ሰርቮ ቀይሬም አልዳነም

የመክፈቻ ጽሑፍ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ፍሬን የምታውቁ እርዱኝ።

መኪናዋ ፔጆ 504 ነች፤ ባለ 2 ሊትር ቤንዚን፣ ባለ ካርቡራተር። አባቴ በ1968 ዓ.ም. የገዛት ነች፤ እሱ ካረፈ ወዲህ የምነዳት እኔ ነኝ። ጠዋት ከግቢ ስትወጣ ፍሬኗ ለስላሳ ነው፣ ነካ ሲያደርጉት ይይዛል። ግማሽ ሰዓት ያህል ከተነዳች በኋላ ግን፣ ይልቁንም መንገድ ተዘጋግቶ ፍሬን ቶሎ ቶሎ ከተረገጠ፣ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል። ወደ ታች አይሄድም። ባለ በሌለ ኃይሌ ካልረገጥኩት አትቆምም። ዳር ይዤ ትንሽ ካሳረፍኳት ተመልሶ ይለሰልሳል።

ባለፈው እሁድ ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ስወርድ ነው የደነገጥኩት። ከፊቴ ቅጠል የተሸከሙ ሦስት ሴቶች መንገዱን ማቋረጥ ጀመሩ። ረገጥኩ፤ ፔዳሉ ግድግዳ ነው። ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ የእጅ ፍሬኑን ሳብኩት። መኪናዋ ስትቆም የመጨረሻዋ ሴት ሸክም ጫፍ ኮፈኑን እየጠረገ አለፈ። እጄ መንቀጥቀጡን እስኪተው እዚያው ተቀመጥኩ።

ጋራዥ ወሰድኳት፤ ሰርቮው (የእግርን ግፊት የሚያግዘው የፍሬን ክፍል) ሞቷል፣ ይቀየር አሉኝ። ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ሰርቮ የሁለት ወር ቤት ኪራይ በሚያህል ገንዘብ ገዝቼ ተገጠመ። ለውጥ የለም። አሁን ደግሞ ፖምፓው (የፍሬን ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋው) ይቀየር እያሉኝ ነው። ገንዘቡም ገንዘብ ነው፤ ይበልጥ ያስጨነቀኝ ግን በሽታው ሳይታወቅ ዕቃ መቀያየሩ ነው። ልጆቼን ትምህርት ቤት የማደርሰው በዚህች መኪና ነው። ከየት ልጀምር?

ምላሾቹ

የውይይቱ ክር ረዝሞ መግቢያ መውጫው ስለጠፋ፣ ተመሳሳይ ችግር ይዞ ለሚመጣ ሰው እንዲያመች የተባለውን በየቁጥሩ በራሴ ቃል አሰፍራለሁ።

ምላሽ 1። የመጀመሪያው መላሽ ለአባቴ ነፍስ ይማር ብሎ ነው የጀመረው። ሌላ ዕቃ ከመግዛቴ በፊት ሁለት ነገር እንድሞክር ጠየቀኝ። አንደኛው፣ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ፔዳሉን አራት አምስት ጊዜ ረግጬ ሰርቮው ውስጥ የቀረውን ቫኪዩም (ሞተሩ አየሩን ስቦ የፈጠረውን ባዶነት) መጨረስ፣ ከዚያ እግሬን ሳላነሳ ሞተሩን ማስነሳት ነው። ሰርቮው ጤነኛ ከሆነ ሞተሩ እንደተነሳ ፔዳሉ ከእግሬ ሥር ትንሽ ዝቅ ይላል። ሁለተኛው፣ ሞተሩ እየሠራ ፍሬን ይዤ፣ እንደያዝኩ ሞተሩን አጥፍቼ ግማሽ ደቂቃ መጠበቅ ነው፤ ፔዳሉ እግሬን ወደ ላይ ከገፋ አየር የሚያስገባ ቀዳዳ አለ ማለት ነው። ደግሞ የፍሬን ዘይቱ እየጎደለ እንደሆነ ጠየቀ። የፖምፓው የኋላ ጎሚኒ (የላስቲክ ማሸጊያ) ካለቀ ዘይቱ ወደ ሰርቮው ይገባል፣ ከዚያም ሞተሩ ስቦ ነጭ ጭስ አድርጎ ያወጣዋል፤ መሬት ላይ ግን አንድ ጠብታ አይገኝም። ይህን ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም ነበር። የእኔ ዘይት አልጎደለም።

ምላሽ 2። ከአዳማ የጻፉ አንጋፋ መካኒክ ናቸው። ከአርባ ዓመት በላይ ጋራዥ ውስጥ የኖሩ ሰው ሲሆኑ የጻፉት ሁለት መስመር ብቻ ነበር። ከማኒፎልዱ (ሞተሩ አየር ከሚስብበት ቧንቧ) ወደ ሰርቮው የሚሄደውን ቱቦና ጫፉ ላይ ያለውን አየር በአንድ በኩል ብቻ የሚያሳልፈውን ቫልቭ እንዳይ፣ ያንን ሳላይ ሌላ ነገር እንዳልነካ አዘዙኝ።

ምላሽ 3 የእኔ ነው። ቱቦው አምና የተቀየረ አዲስ ስለሆነ እሱን መጠርጠር አያስፈልግም ብዬ መለስኩላቸው። ቫልቩንም ነቅዬ በአፌ ሞክሬዋለሁ፤ በአንድ በኩል ያሳልፋል፣ በሌላው አያሳልፍም። እሳቸው ዝም አሉ። ይህን መልሴን ልብ በሉት፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

ምላሽ 4። ከቨርጂኒያ የጻፈ ወንድም ነው። እዚያ የድሮ መኪና ማደስ ትርፍ ሥራው እንደሆነ ነግሮን፣ በግምት መሄድ ትቼ ቫኪዩም የሚለካ ጌጅ ገዝቼ ማኒፎልዱ ላይ እንድሰካ መከረኝ። መጽሐፉ እንደሚለው ጤነኛ ሞተር በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ ብቻውን ሲዞር) ከ18 እስከ 22 ኢንች ሜርኩሪ፣ ቫኪዩም በሚለካበት መስፈሪያ ማለት ነው፣ መሳብ አለበት፤ ከዚያ ካነሰ ሰርቮው ምንም ያህል አዲስ ቢሆን የሚሠራበት አቅም አያገኝም አለ። ምክሩ ጥሩ ነበር፤ ጌጁን በእሱ ምክር ገዛሁ፣ ያለ ጌጁም እዚህ አልደርስም ነበር።

ምላሽ 5 የእኔ። ውጤቴን ጻፍኩ። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን የምላሽ 1ን ፈተና ሁለቱንም አለፈች። ሲሞቅ ግን ሞተሩ ተነስቶም ፔዳሉ ወዲያው አይወርድም፤ ቆይቶ፣ ቀስ እያለ ነው ዝቅ የሚለው። ጌጁ በሚኒሞ 13 ነው የሚያሳየው፤ መርፌው አይንቀጠቀጥም፣ እዚያው ቆሟል።

ምላሽ 6 እና 7። የቨርጂኒያው ሰው 13ን ሲያይ ፈረደ። ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ወይም የሞተሩ ቫልቭ አልቋል፣ ሞተሩ ይውረድ አለ። ምላሽ 7 ላይ ሌላ ሰው በዚህ ተስማምቶ፣ እሱም ባለፈው ዓመት ሞተር አስፈትቶ እንደነበረ፣ ጥሩ ሠራተኛ እንደሚያገናኘኝ ጻፈ። እውነቱን ለመናገር ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። የአባቴን ሞተር አስፈትቶ መልሶ ለመግጠም የሚበቃ ገንዘብ አልነበረኝም፤ ልሸጣት እንደሆነ ለባለቤቴ ነግሬያታለሁ።

ምላሽ 8። አንዲት ሴት ናት፤ አጭርና ረጋ ያለ ጥያቄ ጠየቀች። ጭስ አላት ወይ? ዘይት ትበላለች ወይ? ካንዴላዎቹ ምን ይመስላሉ? ሦስቱም ላይ መልሴ ደህና ነው የሚል ነበር። እንግዲያውስ ሞተር ለማስፈታት አትቸኩል አለችኝ። ባመሰግናት አይበዛባትም።

ምላሽ 9። ክሩን ያዞረው ይህ ነው። ከዴንቨር የጻፈ ኢትዮጵያዊ መካኒክ ነው። የቨርጂኒያውን ወንድም በስም ሳይጠራ፣ 18 እና 22 የሚሉት ቁጥሮች ባሕር ዳርቻ ላይ ተለክተው የተጻፉ መሆናቸውን አስታወሰ። ባሕር ወለል ላይ የአየር ግፊት ወደ 760 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው፤ አዲስ አበባ በ2355 ሜትር ከፍታ ላይ ወደ 570 ይወርዳል። ሞተር ቫኪዩም የሚፈጥረው ከውጭ አየር ጋር ባለው ልዩነት ስለሆነ፣ የውጭው አየር ሲሳሳ ጌጁ ላይ የሚነበበው ቁጥርም አብሮ ይወርዳል። እሱ የሚሠራበት ከተማ ዴንቨር በ1609 ሜትር ላይ ነው፤ እዚያም አዳዲስ መካኒኮች በዚሁ እየተሳሳቱ ደህና ሞተር ሲያስፈቱ አይቷል። በየ300 ሜትሩ በግምት 1 ኢንች ይቀነሳል። አዲስ አበባ ላይ 8 ያህል ይቀነስና ጤነኛ ሞተር ከ10 እስከ 14 ባለው ውስጥ ያነባል። ስለዚህ 13 ጤነኛ፣ እንዲያውም ጥሩ ሞተር ነው።

ይህን ሳነብ ቢሮ ነበርኩ። ተነስቼ በረንዳ ላይ ወጣሁ። ለባለቤቴ ደወልኩ፤ መኪናዋ አትሸጥም አልኳት።

ምላሽ 10። የቨርጂኒያው ሰው ተቆጣ። ሃያ ዓመት ያነበበው መጽሐፍ ስህተት ነው ወይ የሚል ነበር ነገሩ፤ ከአሜሪካ ሆኖ ለአገሩ ሰው ጊዜውን ሰጥቶ ሲረዳ እንዲህ መባሉ አሳዝኖታል። ምላሽ 11 ላይ የዴንቨሩም ቃሉን አላለሰለሰም። ከባሕር ዳርቻ ወጥቶ የማያውቅ ሰው በ2355 ሜትር ላይ ያለን ሞተር ባያስፈታ ጥሩ ነው አለ። እኔ መሃል ገብቼ ሁለቱንም አመሰገንኩ፤ ጌጁን ያስገዛኝ አንዱ፣ ጌጁን ያነበበልኝ ሌላው ነው።

ምላሽ 12። ከድሬዳዋ የጻፈ ሾፌር ነው። ስለ ሜርኩሪ እንደማያውቅ፣ የሚያውቀው ግን አንድ ነገር እንዳለ ጻፈ። በአሮጌ ፒክ አፕ ከአዲስ አበባ ዕቃ ጭኖ ሲወርድ አዋሽን ካለፈ በኋላ ፍሬኑ እየለሰለሰ ይመጣል። ድሬዳዋ ሲደርስ ነካ ካደረገው ይበቃዋል፤ ሲመለስ ደግሞ እየከበደ ይሄዳል። ለዓመታት ሙቀቱ ነው ብሎ ያስብ ነበር። ድሬዳዋ ከአዲስ አበባ ከ1000 ሜትር በላይ ዝቅ ያለች ስለሆነች ነገሩ ለእኔም ገባኝ። የእንጦጦውም እንዲሁ ነው፤ ላዩ ከ3000 ሜትር ያልፋል። ሰርቮ ከከተማው ውስጥ ይልቅ እዚያ ደካማ ይሆናል ማለት ነው፣ ያውም ቁልቁለት ሊወረድ ሲል።

ምላሽ 13። የፊዚክስ መምህር ነው፤ ለሂሳብ ወዳጆች ብሎ አሰላው። ውስጡ 23 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ላስቲክ ያለበት ሰርቮ በ18 ኢንች ቫኪዩም ወደ 250 ኪሎ የሚደርስ ግፊት ሊጨምር ይችላል። በ12 ኢንች ግን 170 ኪሎ ገደማ ብቻ ነው። ከፍታው አንድ ሦስተኛውን ይወስዳል። ይህ ሁሉ ሆኖ፣ አለ መምህሩ፣ የእኔ ፔዳል ድንጋይ የሚሆንበትን ምክንያት አያስረዳም፤ ጠዋትም ከፍታው ያው ነውና። ከሁሉም የወደድኩት ይህን የመጨረሻውን ነው። ሰው የራሱን ስሌት ከጨረሰ በኋላ ስሌቱ የማይመልሰውን ሲናገር እምነት ይጣልበታል።

ምላሽ 14 ላይ አንዱ ሰው ስለ ፍሬን እየተጠየቀ ስለ አየር ይወራል ብሎ ተማረረ። ማንም አልመለሰለትም።

ምላሽ 15። ከፍተኛ ጥቅም ያለው ምላሽ ስለሆነ ረዘም አድርጌ እጽፈዋለሁ። ጸሐፊው በጎጃም መስመር ለዓመታት የሠራ ሰው ነው። ፔዳል የሚበላሸው በሁለት መንገድ ነው፣ ሰው ሁለቱን ስለሚያምታታ ነው የተሳሳተ ዕቃ የሚገዛው አለ። ፔዳሉ ለስልሶ እስከ ወለሉ የሚሰምጥ ከሆነ ነገሩ ከዘይቱ ነው፤ አየር ገብቷል፣ ጎሚኒ አልፎታል፣ ወይም ዘይቱ ፈልቷል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፣ ውሃ ከጠጣ ግን ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ዶት 4 ከ230 ወደ 155። ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ ሲወረድ፣ ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው፣ ፍሬን ላይ ተቀምጦ የወረደ ሰው ከታች ሲደርስ ፔዳሉ ባዶ የሚሆንበት ለዚህ ነው። ፔዳሉ ጠንክሮ አልወርድ ካለ ግን ወይ ሰርቮው አልረዳም፣ ወይ ዲስኩን ጨብጦ የሚይዘው የፍሬን ሸራ ተቃጥሎ እንደ መስታወት ልሟል።

እነዚህን ሁለቱን እንዴት እለያለሁ ብዬ ስጠይቀው ቀላል ነገር ነገረኝ። መኪናዋ ግቢ ውስጥ ቆማ ሞተሩ ግማሽ ሰዓት ይሥራ። ጎማዎቹ ስላልዞሩ ሸራውም ዲስኩም ቀዝቃዛ ነው፤ የሞቀው ሞተሩ ብቻ ነው። ከዚያ ፔዳሉን ቶሎ ቶሎ መርገጥ። ከጠነከረ ሸራው ንጹሕ ነው፣ ጥፋቱ ኮፈኑ ሥር ነው። ምንም የማያስወጣ፣ መሣሪያ የማይጠይቅ ፈተና። ሦስት ጋራዥ ሄጃለሁ፣ ማንም እንዲህ አድርግ ያለኝ የለም።

ምላሽ 16። ይኸው ሰው ተመልሶ አንድ ነገር ጨመረ። ነዳጅ ለመቆጠብ ብለው ቁልቁለት ላይ በዜሮ ማርሽ የሚለቁ ሾፌሮች ሁለት ጥፋት ነው የሚያጠፉት። ሞተሩ መኪናዋን መያዙ ይቀራል፣ ቫኪዩሙም የሚኒሞው ብቻ ይሆናል። ማርሽ ውስጥ ሆኖ እግር ከነዳጅ ፔዳሉ ላይ ሲነሳ ሞተሩ ከሚኒሞ የበለጠ ይስባል፣ ሰርቮውም የበለጠ ይረዳል። ሞተር አጥፍቶ የሚወርድማ ሁለት ሦስት ርግጫ ያህል ቫኪዩም ብቻ ነው የሚቀረው።

ምላሽ 17። አንዱ የሞተር ዘይት ወደ ፍሬን ዘይት ቋቱ ጨምሬ ፔዳሌ ተስተካክሏል፣ አንተም ሞክር አለ። ምላሽ 18፣ 19 እና 20 ተከታትለው ወረዱበት፤ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። የማዕድን ዘይት የፍሬን ጎሚኒ ያሳብጣል። ያበጠ ጎሚኒ መጀመሪያ ጥብቅ ስለሚል ፍሬኑ የዳነ ይመስላል፣ ቀጥሎ ፒስተኑን ቀርቅሮ ጎማ ይይዛል፣ በመጨረሻ ይበጣጠሳል። ምላሽ 19 ላይ የጻፈው ሰው በእንዲህ ያለ ምክር ወንድሙ አጥር ጥሶ ሰው ግቢ እንደገባ ተናግሮ በጣም መራራ ቃል ተጠቀመ። ቃሉን አልደግመውም፤ ቁጣውን ግን እረዳለሁ። አንድም ጠብታ የገባበት ሰው ጎሚኒውን በሙሉ ቀይሮ መስመሩን ማጠብ አለበት። የምላሽ 17 ባለቤት ከዚያ በኋላ አልተመለሰም፤ መኪናውን አሳይቶ እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ።

ምላሽ 21። ወሬው ወጣ አለ። የመርሴዲስ 240 ናፍጣ ያለው ሰው፣ ቁልፉን አዙሮ ነቅሎ ሞተሩ አልጠፋም እያለ እንደሚሠራ፣ ፍሬኑም እንደከበደው ጻፈ፤ ሁለት የተለያየ በሽታ መስሎታል። ምላሽ 22 ላይ የዴንቨሩ መካኒክ አንድ ነው አለው። የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚኑ ማኒፎልዱ ላይ ቫኪዩም ስለማይፈጥር ሞተሩ ፊት ለፊት ራሱን የቻለ የቫኪዩም ፓምፕ አለው። በዚያ መኪና ሞተሩን የሚያጠፋውም፣ በሮቹን የሚቆልፈውም፣ ፍሬኑን የሚያግዘውም ይኸው ፓምፕ ነው። አንድ በር ውስጥ የተቀደደች ቀጭን ቱቦ ሞተር እንዳይጠፋ ታደርጋለች። ፓምፑን ለብቻው ለክቶ፣ ቅርንጫፎቹን አንድ በአንድ እየዘጋ እንዲፈልግ ነገረው። ሰውየው ከአራት ቀን በኋላ ተመልሶ የኋላ ግራ በር ውስጥ እንዳገኘው አበሰረን።

ምላሽ 23 እና 24 የትዝታ ናቸው። አንዱ ካይሮ ሲማር 504 ታክሲዎችን አይቶ አገሩ ትዝ ይለው እንደነበር፣ ሌላው ናይጄሪያ ካዱና ውስጥ ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስለተገጣጠሙት 504ዎች ጻፈ። አውሮፓ ውስጥ ማምረቱ ከቆመ በኋላም አፍሪካ ውስጥ ለዓመታት ስለቀጠለ ዕቃዋ ጨርሶ አልጠፋም አለ። ለእኔ ይህ ወሬ ብቻ አይደለም፤ አዲስ የሰርቮ ላስቲክ ከካይሮ ማስመጣት እንደሚቻል ያወቅሁት ከዚሁ ነው።

ምላሽ 25። የዴንቨሩ ሰው ወደ እኔ ተመለሰ። ግቢ ውስጥ ቆማ ጠነከረች ወይ አለኝ። ጠንክራለች፤ በሃያ አምስተኛው ደቂቃ ላይ። እንግዲህ ጌጁን ከማኒፎልዱ ንቀልና በቲ መገናኛ ሰርቮው አፍ አጠገብ ስካው አለኝ። ማኒፎልዱ ላይ 13 መኖሩ ሰርቮው ጋ 13 ደርሷል ማለት አይደለም።

ምላሽ 26 የእኔ። ቅዳሜ ከሰዓት አደረግሁት። ትልቁ ልጄ ፔዳል ላይ፣ እኔ ኮፈኑ ሥር። ቀዝቃዛ ሳለች ልጄ ረግጦ ሲለቅ መርፌው ትንሽ ወርዶ ወዲያው 13 ላይ ይመለሳል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሁለት ጊዜ አከታትሎ ረገጠ። መርፌው 4 ላይ ወረደ። እዚያው ቆመ። ከዚያ እንደ ሰዓት ቆጣሪ ቀስ እያለ መውጣት ጀመረ፤ 13 እስኪደርስ ልጄ ሰላሳ አራት ቆጠረ። ጌጁን ወደ ማኒፎልዱ መልሼ ደገምነው፤ እዚያ 13 ንቅንቅ አላለም። ሞተሩ ይስባል፣ ሰርቮው ግን አይደርሰውም። በሁለቱ መካከል ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው።

ምላሽ 27። የአዳማው አባት ከሁለት ሳምንት ዝምታ በኋላ ጻፉ። ቱቦው አዲስ ነው ያልከኝ አዲስ ምንድን ነው? የሚል ጥያቄ ነበር። የቫኪዩም ቱቦ ነው ወይስ የቤንዚን ቱቦ?

ምላሽ 28 የእኔ። ቱቦውን ነቀልኩት። ከውጭ እንከን የለውም፤ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ ፋሼታው በደንብ የታሰረ። ጎኑ ላይ የነዳጅ መሆኑ በነጭ ታትሟል። አምና ያየሁት ቢሆንም ትርጉም አልሰጠሁትም ነበር። በምላጭ ከዳር እስከ ዳር ሰነጠቅሁት። ወደ መሃሉ ላይ፣ ከጭስ ማውጫው ሙቀት አጠገብ በሚያልፍበት ቦታ፣ የውስጠኛው ልባስ ከላስቲኩ ተላቆ እንደ ምላስ ወደ ውስጥ ተንጠልጥሏል። በጣቴ ሳነሳው ይነሳል፣ ስለቀው ተመልሶ ቀዳዳውን ይዘጋል። ግድግዳውም ሙቅ ውሃ ውስጥ ሳስገባው ሊጥ ሆነ፤ በሁለት ጣት ይጣበቃል። የነዳጅ ቱቦ የተሠራው ከውስጥ ለሚገፋ ነገር ነው። ቫኪዩም ከውስጥ ሲስበው፣ ሲሞቅ ደግሞ ሲለሰልስ፣ ራሱ ላይ ይታጠፋል። ጠዋት ጠንካራ ስለሆነ ያሳልፋል፤ ሲሞቅ ይዘጋል፤ ሲያርፍ ይከፈታል። የመኪናዋ ጠባይ በሙሉ ይኸው ነው።

የአዳማውን አባት ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ገና ሁለተኛው ምላሽ ላይ ነግረውኛል፤ አዲስ የሚለውን ቃል ጤነኛ ከሚለው ጋር አንድ ያደረግሁት እኔ ነኝ።

ምላሽ 29። እሳቸውም ነገሩን አላስረዘሙትም። ወፍራም ግድግዳ ያለው፣ በውስጡ ክር የተጠለፈበት የፍሬን ቫኪዩም ቱቦ እንድገዛ፣ አቅጣጫውን ከጭስ ማውጫው አርቄ እንዳስኬደው፣ ቫልቩ ላይ ያለው ቀስት ወደ ሞተሩ ማመልከቱን እንዳይ አዘዙኝ። ከሶማሌ ተራ የመጣውን ሰርቮ ደግሞ አውጥቼ የአባቴን እንድመልስ። ያልታወቀ ሰርቮ ሲገጠም ወደ ፖምፓው የሚገፋው ዘንግ ርዝመቱ ካልተለካ፣ ረዘም ካለ ፍሬኑ ሳይለቅ ይቀራል፣ ሸራ እየበላ ይሞቃል። ለካሁት፤ በእርግጥም ረዝሞ ነበር። የፊት ጎማዎቹ ሰሞኑን ለምን ይግሉ እንደነበር ያኔ ገባኝ።

ምላሽ 30። የቨርጂኒያው ወንድም ተመለሰ። የዴንቨሩን ይቅርታ ጠየቀው፤ በስሙ ጠርቶ፣ ሁሉም ባለበት። ከፍታን በሚመለከት መጽሐፉን ደግሞ ሲያነብ የግርጌ ማስታወሻ ላይ ተጽፎ እንዳገኘው ነገረን፤ ለሃያ ዓመት ዘሎት አልፏል። የዴንቨሩም በጎ ነው ብሎ፣ እሱም ቃሉ እንደበዛ ተናገረ።

ምላሽ 31 የእኔ። የአባቴ ሰርቮ ተመልሶ ተገጠመ፤ ሁለቱንም ፈተና ሞቆም አለፈ፤ በፊትም ደህና ነበር ማለት ነው። ዛሬ ጠዋት ጌጁን በረዥም ቀጭን ቱቦ ወደ ውስጥ አስገብቼ ዳሽቦርዱ ላይ በፕላስተር አጣብቄ እንጦጦ ወጣሁ። ላይ ማርያም አጠገብ በሚኒሞ 11 ነበር። በሁለተኛ ማርሽ ወረድኩ፤ ነዳጁን ስለቅ መርፌው ከ11 ወደ ላይ ይወጣል፣ ረግጬ ስለቅ ወርዶ ወዲያው ይመለሳል። ሴቶቹ የተሻገሩበት ቦታ ላይ ሆን ብዬ ሦስት ጊዜ አከታትዬ ያዝኩ። ሦስቱንም ጊዜ እኩል ያዘች።

ምላሽ 32። ኮሮላ ዲኤክስ ያለው ልጅ ትክክለኛው ቱቦ የት እንደሚገኝ ጠየቀ። አሮጌውን ቱቦ ቁራጭ ይዞ ሄዶ የውስጥ ስፋቱን እንዲያመሳስል፣ ከመክፈሉ በፊት ቱቦውን በሁለት ጣቱ ጨብጦ እንዲሞክር ነገርኩት። ጎኑ ከተገናኘለት እንዳይገዛው።